ስለ ጆንያ ፈታሻችን ስለ አቶ አረጋ ውዱ ዕረፍት

ከሮሐ የጋራ ጭነት ላኪዎች ማኅበር፣ ላሊበላ
ጥር 2017 ዓ.ም.

የማኅበራችን የጭነት ፍተሻ ኃላፊ የነበሩት አቶ አረጋ ውዱ ለፋሲካ ወደ ሜልበርን የሚሄደውን ጭነት በመጋዘን ሲያዘጋጁ ውለው ጥር 16 ቀን በድንገት በማረፋቸው ማኅበሩ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግሥቱ በደብራቸው ሲፈጸም በርካታ አባላት ተገኝተው አልቅሰዋል። ያለቀሰው ሁሉ አዝኗል ለማለት ግን ማኅበሩ ይቸገራል፤ በጆንያ ምክንያት ከሟች ጋር ሳይኮራረፍ የኖረ አባል ጥቂት ነውና።

አቶ አረጋ ወደ ማኅበሩ ከመምጣታቸው በፊት በላሊበላ ሆቴሎች ለረጅም ዘመን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ግምጃ ቤት የኖረ ሰው በቀላሉ ሰው እንደማያምን የታወቀ ነው፤ እሳቸውም ይህን አይደብቁም ነበር።

ለማያውቀን ሰው፦ ማኅበራችን አባላቱ ከላሊበላ፣ ከኮንና ከፍላቂት የሚያመጡትን ጋቢ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሣር ስፌትና የእንጨት መስቀል በአንድ ኮንቴይነር አስጭኖ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ባሕር ማዶ ላሉ ነጋዴዎችና ዘመዶች የሚልክ ነው። በአንድ ኮንቴይነር የገባ ዕቃ ዕጣው አንድ ነው። የአንዱ ጆንያ ከተያዘ የሁሉም ይያዛል።

በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጭነታችን በደረሰበት ወደብ ተይዞ በሙሉ ተቃጠለ። ምክንያቱ በአንድ ጆንያ ሽሮ መካከል የተገኘ እምነት ነበር፤ ከቅዱሳት ቦታዎች የሚወሰደውና ሕመምተኛ የሚቀባው የተባረከ አፈር ማለታችን ነው። ለላከው ሰው መድኃኒት ነው፤ ለዚያ አገር መርማሪ ግን የእርሻ በሽታ የሚያስገባ አፈር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የዓመት ድካማችን እንዲህ ሲነድ ከአባላቱ አንድም ሰው «ጆንያው የእኔ ነበር» ያለ የለም። ማኅበሩ የራሱ ግምት አለው።

በ2012 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው አቶ አረጋን ፈታሽ አድርጎ መረጠ። የተመረጡት ስለሚወደዱ አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛም ከተመነጠርን በኋላ ከመካከላችን አብልጦ የሚጠረጥረውን ሰው ፈልገን ሾምን። እሳቸውም ማንም ዕቃውን ከቤቱ ሰፍቶ እንዳያመጣ ከለከሉ። ዕቃው መጋዘኑ ውስጥ ሸራ ላይ ይገለበጣል፣ ጋቢው ይራገፋል፣ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ እስከ ክርናቸው ይገባሉ፤ ከዚያ በገዛ እጃቸው መልሰው ሞልተው የጆንያውን አፍ ይሰፋሉ። ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ መልሰው ስለሚቋጥሩት ስፌታቸው ከማንም ስፌት ይለያል። ያገኙትን እምነት ጥለው አያውቁም። ተሳልመው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ለባለቤቱ ይመልሱት ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የቀሲስ ሰይፈ ሥላሴን ጆንያ በሕዝብ ፊት ገለበጡ። ቀሲስ «እኔን ከጠረጠሩ ማንን ሊያምኑ ነው?» ቢሏቸው፣ አቶ አረጋ ጉልበት ስመው «አባቴ፣ እርስዎንስ አምናለሁ፤ ጆንያዎን ነው የማላምነው» ማለታቸውን የነበርን ሁሉ ሰምተናል። እምነቱም ተገኘ። ቀሲስ ለአንድ ዓመት ያህል ሰላምታ ነፍገዋቸው እንደነበር አይካድም።

በ2015 ዓ.ም. በርበሬ የሚልኩት ወይዘሮ ኸዲጃ ሞላ «ወላሂ፣ አፈሩን የሚልክ የናንተ ሰው፣ የሚገለበጥ የኔ በርበሬ!» ሲሉ ለሥራ አመራሩ አቤት አሉ። ሥራ አመራሩ አቤቱታውን መርምሮ ፍትሐዊ ሆኖ አገኘው። አቶ አረጋ ግን የእምነት ጥቅል በሰው በርበሬ ውስጥም ሊደበቅ እንደሚችል አስረድተው ፍተሻውን ቀጠሉ።

በ2016 ዓ.ም. መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት በከረመበት ጊዜ፣ ጭነታችንን ወደ ወደብ የሚያስተላልፈው የአዲስ አበባ ትራንዚተር «ዕቃችሁ ጅቡቲ ገብቷል» ሲለን ሁላችንም ደስ ብሎን እልል ስንል ያላመኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የኮንቴይነሩን በርና ቁጥር ፎቶ አንስቶ እንዲልክ አስጨነቁት። ፎቶው ሲመጣ ኮንቴይነሩ የቆመው ገና ሞጆ ደረቅ ወደብ ነበር። አቶ አረጋ ባረፉ ማግሥት የሐዘን መልእክት ከላኩልን ሰዎች ይኸው ትራንዚተር የመጀመሪያው ነው፤ መልእክቱ ደርሶናል።

አሁን ማኅበሩ በከተማው የሚናፈሰውን ወሬ ሳይነካ ማለፍ አይችልም። «እምነት ከሕመምተኛ የነጠቀ እጅ ነው፣ ተቀሠፈ» የሚለው ወሬ ክፉ ነው። ከማን አፍ እንደወጣ እናውቃለን፤ በሐዘን ጊዜ ስም መጥራት ነውር ስለሆነ ለጊዜው አንጠራም።

ሌላውን ነገር ግን መናገር ግድ ሆኖብናል። በቀብሩ ማግሥት መጋዘኑ ሲታይ ተሰፍተው ከተደረደሩት ጆንያዎች መካከል አንዱ በልጃቸው በወይዘሮ ማኅሌት አረጋ ስም ተገኘ። ይህ ጆንያ ሲገለበጥ ያየ ሰው የለም። ወይዘሮ ማኅሌት በሜልበርን ታመው ከቤት ከዋሉ ቆይተዋል። በየጭነቱ እምነት እንዲላክላቸው አባታቸውን ይለምኑ እንደነበር፣ እሳቸውም በየጊዜው እንደሚከለክሏቸው አቶ አረጋ ራሳቸው በስብሰባ ላይ ተናግረው ነበር። ያን ጊዜ «ይህን የሚለው አፋችንን ለማዘጋት ነው» ብለው ያንሾካሾኩ አባላት አሁን «ፈታሹን ማን ፈተሸው?» አሉ። የቀሩት ደግሞ የሞተ ሰው ጆንያ አይከፈትም ብለው ተነሡ። ከክርክሩ በላይ የሆነ ግን አንድ ነገር ነበር፤ ጭነቱ እንደገና ቢቃጠል ማኅበሩ ዳግም አይቆምም።

በሠልስቱ ማግሥት ባለቤታቸው ወይዘሮ ባንቺዓለም ባሉበት ጆንያው ሸራው ላይ ተገለበጠ። ሽሮ፣ በሶና አንድ ጋቢ ወጣ። ጋቢው ሲራገፍ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ እምነት ወደቀ።

ወይዘሮ ባንቺዓለም አንስተው በደረታቸው ላይ ያዙት። «እኔው ነኝ የጨመርሁት፤ እሱ አላወቀም» አሉ። ከዚያ ወደ ሁላችን ዞረው፣ «የናንተን ሲያወጣ ኖሯል። የሱ ልጅ ግን የማን ልጅ ናት?» አሉን።

ሥራ አመራሩ ቃላቸውን ተቀብሏል። አባላት ሁሉ ተቀብለውታል ማለት ግን አይደለም፤ የጆንያው አፍ የተሰፋው በአቶ አረጋ ስፌት ነውና። እሳቸው ደግሞ ሳይገለብጡ የሰፉት ጆንያ እስከዚያ ቀን አልነበረም። አንድም እያወቁ ሰፍተውታል፤ አንድም በዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አምነው ሳይፈትሹ ሰፍተውታል። ለመወሰን አንድ ሙሉ ቀን ተነጋግረን አልተስማማንም። ሟችን የምንጠይቅበት መንገድ የለም፣ ቢኖርም መልሳቸውን ሁላችንም ባላመንን ነበር።

የተወሰነው የሚከተለው ነው። እምነቱ በደንቡ መሠረት ከጆንያው ወጥቶ ለወይዘሮ ባንቺዓለም ተመልሷል። የመለሱትም ቀሲስ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው፤ ተሳልመው፣ በሁለት እጃቸው። ከእንግዲህ ፈታሽ ሆኖ የሚሾም አይኖርም፤ ማንም ማንንም ስላላመነ እያንዳንዱ አባል በዕጣ የደረሰውን የሌላ አባል ጆንያ ይገለብጣል። የአቶ አረጋን ቦታ ለመሸፈን ማኅበሩ በሙሉ ማስፈለጉን ስናይ ምን ያህል ሰው እንዳጣን ገባን። ጭነቱም ሙሉ ሆኖ ተነሥቷል።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ባንቺዓለም፣ ለቤተ ዘመዶቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

ለወይዘሮ ማኅሌት አረጋ፣ ሜልበርን፦ ከአባትዎ ቀብር የቀሩት በሕመም እንደሆነ እናውቃለን። ለብቻዎ እንዳያለቅሱ እዚያ ላሉት ወገኖቻችን አደራ ብለናል። ጆንያው ከፋሲካ በፊት ይደርስዎታል። ሲፈቱት እምነቱን ቢፈልጉ አያገኙትም። ያወጣነው እኛ ነን። አባትዎ ሰፍተውልዎት ነበር።