ከኋላዋ ቆሜ ስጠራት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6። ከፈረቃ መልስ።

ገንፎው አረረ። መክሊት ግማሹን በላች፣ ግማሹን ፀጉሯ ላይ ለጠፈችው። ባሌ ግርማ ከነጫማው አልጋ ላይ ወድቋል። ከሽመና ክፍል የወጣ ሰው ጆሮው ቤትም ገብቶ ይጮሃል፤ ወሬ አያምረውም። በር ላይ ቆሜ ሁለት ጣቴን አቆላለፍኩና ለያየሁ። ፋብሪካ ውስጥ ክር ተበጠሰ ማለት ነው፤ እኛ ቤት ዳቦ አልቋል። ገባው። በዚያ የማሽን ጩኸት ውስጥ የተዋወቅነውም የተጋባነውም በእጅ ነው፤ አመሉን ቤት ይዘነው መጣን።

ሐሙስ የጆሮ ቀጠሮ አለን። መክሊት ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት፣ አንድ ቃል የለም። ጤ/ጣቢያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከን። አማቴ ወ/ሮ ዘነቡ ይስቃሉ፤ ግርማም አፉ የተፈታው ዘግይቶ ነው ይላሉ። ጎረቤት «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እያለ ያሾፍባታል። እኔ አልሰጋም። ነይ ስላት ትመጣለች። ጫማሽን አምጪ ስላት ታመጣለች። ቴፕ ሲከፈት ሮጣ ሁለት እጇን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ትስቃለች። ጆሮማ አላት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8። ማታ።

ደብተሬ፣ ዛሬ ጽሑፌን ቻዪው።

ጠዋት ደህና ነበርን። ሚኒባስ ውስጥ ለረዳቱ ምላሷን እያወጣች ሰውን ሁሉ አሳቀች። ዶ/ሯ ወጣት ናት፣ ደግ። ኩባያዎች ሰጠቻት። ከኋላዋ ደወል መታች። ከበሮ መታች። መክሊት ኩባያዋን ትቆልላለች። ጨዋታ ከያዘች እንዲህ ናት አልኩ። እስቲ አንቺ ጥሪያት አለችኝ። ጠራኋት። ብድግ ብላ መጣች! ደስ አለኝ፤ አየሽ አልኳት።

ዶ/ሯ ግን አልሳቀችም። አሁን እጅሽን ኪስሽ ክተቺና ከኋላዋ ሆነሽ ጥሪያት አለች።

እጄን? ያኔ ነው ያየሁት። ቀኝ እጄ አየር ላይ ነበር፣ ነይ እያለ።

ከኋላዋ ቆምኩ። መክሊት። መክሊትዬ። የኔ እናት። ጮህኩ። ኮሪደር ላይ የነበሩት በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝ። እሷ ሌላ ኩባያ አንስታ ከላይ ደረበች።

ክው አልኩ። ከሰዓት በማሽንም መረመሯት፤ ያው ነው። ሁለቱም ጆሮዋ አይሰማም፣ ምናልባት ከተወለደች ጀምሮ። ድምፄን ሰምታው አታውቅም። እሹሩሩ ያልኳት ሁሉ ለማን ነበር? ነይ የምላት በእጄ፣ አምጪ የምላት በእጄ። ሌላ ቤት ብትወለድ ገና ድሮ ይነቁባት ነበር። እኛ ግን ብልህ ናት እያልን እንኮራለን።

ዓርብ፣ ኅዳር 9።

ግርማ አላመነም። ሁለት የድስት ክዳን ከኋላዋ አጋጨ። የጎረቤት ሕፃን ከእንቅልፉ ባንኖ አለቀሰ። መክሊት አልዞረችም። ክዳኖቹን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ቆይቶ፣ ለሰው እንዳትነግሪ አለኝ። ምን ሰርቃ ነው የምትደበቀው አልኩት። ተኮራርፈናል።

ሰኞ፣ ኅዳር 12።

ሰፈሩ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው፤ ጭስ በጭስ። በሽታ ይውጣ ይላል ሁሉም። አኩርፌ ከቤት አልወጣሁም።

ወ/ሮ ዘነቡ ሳሪስ አቦ ጠበል እንውሰዳት አሉ። እሺ እማማ፣ እንሄዳለን፤ ግን እርስዎም የእኛን የእጅ ንግግር ይማሩልኝ አልኳቸው። ለት/ቤት እስክትደርስ በእጃችሁ አውሯት ብላለች ዶ/ሯ። በስተርጅናዬ እጄን ላወናጭፍ? አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ።

ግርማ ከፈረቃ ገብቶ እንደ ቆመ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሽመና ክፍል ሁሉም ሰው የእጅ ስም አለው። አለቃችን ጢም ነው። ግርማ ግንባሩ ላይ ባለችው ጠባሳ ነው የሚጠራው። እኔ ጉትቻ ነኝ፤ የጆሮን ጫፍ ሳብ ማድረግ ነው። መክሊትስ? አለኝ።

ደግሜ ደነገጥኩ። ስሟን የምንጠራው በአፋችን ብቻ ነው፤ እጃችን ነይ ከማለት አልፎ አያውቅም። ካህን ያጠመቃት፣ ድግስ የተደገሰላት ልጅ፣ ስሟ ራሷ ዘንድ አልደረሰም።

ብዙ ሞከርን፤ አንዱም አላማረንም። ወ/ሮ ዘነቡ ሲያዩን ቆዩና ተነሱ። መክሊት ፊት ተቀምጠው ጉንጯ ላይ ስትስቅ የሚሰረጉደውን ቦታ በጣታቸው ነካ አደረጉ። የራሳቸውንም ጉንጭ ነኩ፤ ወደ እሷ ጠቆሙ። ደጋገሙት። መክሊት አየቻቸው። ጉንጯን ነካች፣ ደረቷን መታች። ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። የጆሮዬን ጫፍ ሳብ አድርጌ የኔን አሳየኋት።

ተወሰነ። ነገ የግቢውን ሰው ሁሉ ጠርተን ስሟን እናሳያለን። ይህን ያለው ግርማ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ጎረቤት ሁሉ እየደጋገመ ሲጠራት…

ቆዪኝ ደብተሬ። በሩ ላይ ቆማለች። የጆሮዋን ጫፍ ይዛ ትስባለች፣ ትስባለች። እኔን ነው። እየጠራችኝ…