ብዕሩ ያሳበቀው

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እኔ ደህና ነኝ፤ የጥቅምት ብርድ ብቻ ጀምሮናል። ስለ ቀኝ እጅዎ ያልጠየቅሁት ረስቼ አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

ሥራዬ ያው የሚያውቁት ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩት ነርሶች በዲጂታል ብዕር ቅጽ ይሞላሉ። ወረቀቱ ላይ ዓይን የማይለያቸው ነጠብጣቦች ስላሉ፣ ብዕሩ የቱ ጋ ምን እንደተጻፈ ለይቶ ወደ እጅ ስልኬ ያደርሰዋል፤ እኔ አጣራለሁ። ለእርስዎም ብዕሩንና ደብተሩን የላክሁት ስልክ መነካካት ስለማይወዱ ነው። በለመዱት ወረቀት ጽፈው ግርጌ ያለችውን ሣጥን ምልክት ሲያደርጉባት፣ በወንድሜ ስልክ በኩል ወዲያው ይደርሰኛል።

ያልነገርኩዎ ነገር ቢኖር፣ ብዕሩ የጻፉትን ብቻ ሳይሆን አጻጻፍዎንም ይይዛል። ስልኩ ላይ አንዲት ምልክት ስነካ ደብዳቤው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ እንደ አዲስ ሲጻፍ አያለሁ። ነርሶቹ ሲሳሳቱ የምደርስባቸውም በዚህ ነው። ባለፈው ደብዳቤዎ ሦስተኛው መስመር ላይ የተሰረዘ ነገር አይቼ፣ ምን ጽፈው ይሆን ብዬ ከፈትኩት። ስርዙ ከመምጣቱ በፊት ከሥሩ ያለው ቁልጭ ብሎ ወጣ፦ «ቀኝ እጄ አልታዘዝ ካለኝ ወር ሆነኝ።» እሱን ሰርዘው «ደህና ነኝ፣ ሥራም አለ» ብለው ጻፉ። «ደህና» የምትለዋን ለመጻፍ ብቻ አራት ጊዜ ብዕሩን አነሡ። የከተማውን ሱቅ ሁሉ ታፔላ የጻፈ እጅ! አለቀስኩ፣ አባባ። ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ሰው የሞተብኝ መስሏት በድንጋጤ ውሃ ይዛ መጣች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አይቆጡኝ፤ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ይወስድዎታል። ሥራ አለኝ ካሉት፣ ታፔላው እግር የለው፣ የት ይሄድብዎታል በልልኝ ብዬዋለሁ።

እማዬን ሰላም በሉልኝ፤ እያወቀች ዝም በማለቷ ግን ተቀይሜያታለሁ። ወንድሜንና ሚስቱን ሰላም በሉልኝ፤ ትንሿን ልጃቸውን ጉንጯን ሳሙልኝ።

ይህን ደብዳቤ እኔም በእንደዚያው ዓይነት ብዕር ነው የጻፍኩት። ወንድሜ ስልኩ ላይ ያቺን ምልክት ይንካልዎና፣ መጀመሪያ ላይ «እኔ ደህና ነኝ» ስል ስንት ጊዜ እንደቆምኩ ይዩልኝ።

ልጅዎ

ከቢሮዬ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ጥቅምት ፲፰ ቀን