ግድግዳችን ላይ የነበሩት አራት ፊደላት

ደምሴ ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት። ለሞተ ሰው ምን ተብሎ ሰላምታ ይጻፋል? ካጣሁህ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ጊዜ ያስረሳል ይሉኛል። ሐዘኑን አላስረሳኝም፤ ድምፅህን ግን እያስረሳኝ ነው።

መካነ ሰላም ብታያት አታውቃትም። የቀያሹን በትር ይዘህ ፀሐይ ላይ ትቆምበት የነበረው መንገድ አልቆ መኪናው ይፈስበታል። ድንጋዩ ላይ በቀይ ቀለም ያደረግካቸው ምልክቶች ሁሉ አስፋልቱ ሥር ገብተዋል። መንገዱን የሠሩት ቻይኖች ካምፑን ነቅለው ሄዱ። ልጃችን ዘነቡም ዐረብ አገር ገባች። ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

ያ አብሮህ ይሠራ የነበረው ቻይናዊ ቀያሽ በምሳ ሰዓት የአገሩን አባባል ያስተምርህ እንደነበር ታስታውሳለህ? እያንዳንዱ አባባል በነሱ ጽሑፍ አራት ፊደል ብቻ ነው፤ አንዱ ፊደል አንድ ሙሉ ቃል ነው ትለኝ ነበር። ሥራችሁ ምልክት ማድረግ ስለሆነ ይመስለኛል፣ የሚመርጥልህ ሁሉ ስለ ምልክትና ስለ ዱካ ነበር። ሰይፉ ከጀልባ ወንዝ ውስጥ ወድቆበት፣ የወደቀበትን ቦታ እንዳይረሳ በሚሄደው ጀልባ ላይ በቢላ ምልክት ያደረገውን ሞኝ ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በሳምንቱ ከከላላ ገበያ ስመለስ ጉትቻዬ ጠፋ፤ በበቅሎዋ በቀኝ በኩል ነው የወደቀው ብዬ እዚሁ ግቢያችን በቀኝ ጎኗ ሥር ጎንበስ ብዬ ስፈልግ አገኘኸኝ። ከዚያ ወዲያ ስምሽ ባለ ጀልባዋ ነው እያልክ አሳቀቅኸኝ።

አንተ የወደድከው ግን የዝይዋን ነበር። ዝይ በረዶ ላይ ትቆማለች፣ የእግሯ ዱካ ይቀራል፣ እሷ በርራ ትሄዳለች፣ በረዶውም ይቀልጣል። ከሥራ በተረፈ ቀይ ቀለም የዚህን አባባል አራት ፊደላት በራችን አጠገብ ግድግዳው ላይ ጻፍካቸው። ቤቱን አበላሸህብኝ ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩህ። አቤት የኔ ነገር!

ባለፈው ጥር ለውኃ ቦይ የሚፈርሱ ቤቶች ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ። የእኛ ቤት ላይ አልነበረም። እኔም እፎይ ብዬ ለአክስቴ ተዝካር ከላላ ሄድኩና ሁለት ቀን አደርኩ። አፍራሾቹ እንግዳ ሠራተኞች ነበሩ። ያንተን ጽሑፍ ሲያዩ ይህም ምልክት የተደረገበት ነው አሉ። ጎረቤት ደርሶ እስኪያስቆማቸው የፊቱ ግድግዳ ወርዷል።

ይቅርታ ጠይቀዋል፤ መልሰውም ሠርተውታል። ከድሮው ይሻላል እያለ ሰው ያጽናናኛል። እኔ ግን ከፍርስራሹ ቀይ ያለበትን ጭቃ ሁሉ አንድ በአንድ ለቅሜ በሳፋ አስቀመጥኩት። ልገጣጥመው ስሞክር እጄ ላይ ይፈረፈራል። ሌላ ቦታ የጻፍከው ነገር የለም። ደብዳቤ አልጻፍክልኝም፤ ለምን ትጽፋለህ፣ አብረን ነበርን።

ዘነቡ በስልክ የአባቴን ጽሑፍ ፎቶ አስነሥተሽ ላኪልኝ ትለኛለች። ፎቶ የሚያነሣው የጎረቤቴ ስልክ ተበላሽቷል ብዬ ዋሸኋት። በተደወለ ቁጥር እንደ ሌባ እደነግጣለሁ።

ትናንት ከሰል አንሥቼ አዲሱ ግድግዳ ፊት ቆምኩ። ስንት ዓመት በዚያ በር ስገባ ስወጣ አይቻቸዋለሁና እጄ ያውቃቸዋል ብዬ ነበር። አራት ነገር ጻፍኩ። ወደ ኋላ ሄጄ ሳያቸው አንዱም ያንተ አይደለም። ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰውም እዚህ አገር የለም። በእርጥብ ጨርቅ አጠፋኋቸው።

ደምሴ፣ እኔ እስካለሁ አልረሳህም፤ ይህን ቃል እገባልሃለሁ። ከእኔ በኋላ ግን የሚቀርህ ነገር የለም፣ ላታልልህ አልችልም። ሦስት ቀን ያኮረፍኩህን ይቅር በለኝ። በእነዚያ ቀናት ፊደላቱን ላለማየት ፊቴን አዙሬ ነበር የምገባው።

ባለቤትህ አስካለ