ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ላኪልኝ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል? ጋሼና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ አሁን ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። የቀረውን ሰላምታ ወደ ታች አደርሳለሁ፤ ሆዴ አልችል ስላለ ነገሩን ላስቀድም። ባለፈው ወር ወደ እናንተ በሚመላለሰው ሹፌር እጅ የላክሁልሽን የደም ግፊት ክኒን ከእንግዲህ አትዋጪ። የምታነብልሽ ታላቋ ልጅሽ ከሆነች እዚህ ላይ ትቁምና ክኒኑን ትቀበልሽ። ከዚያ ትቀጥል።

ክኒኑ እኔን ተስማምቶኝ ነበር፤ ማዞሩም ራስ ምታቱም ተወኝ። አንቺም ግፊት አለብሽ መባልሽን ስሰማ፣ እኔን ካሻለኝ እሷንም ያሽላታል ብዬ ሐኪም ሳልጠይቅ ሁለት ካርቶን ላክሁልሽ። ባለፈው ማክሰኞ መጋረጃ ቤት ቁጭ ብዬ ጠርዝ ስዘመዝም ከንፈሬ ከበደኝ። ከጎኔ ተቀምጣ የመጋረጃ ቀለበት የምትሰፋዋ ቀና ብላ አየችኝና "አንቺ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ስሞሽ ነው የመጣሽው?" ብላ ሁሉንም አሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግን ምላሴ አፌን ሞላው፤ ምራቄ እንኳ አልወርድ አለኝ። ሐኪም ቤት ደግፋ ያደረሰችኝ ያቺው ቀልደኛ ናት። መርፌ ወግተው አሳደሩኝ። ሐኪሙ "ከክኒኑ ነው፤ ዳግመኛ እንዳትነኪው" ብሎ በሌላ ለወጠልኝ።

ፊደል የለየሁት ከክር ጥቅል ላይ በሚወልቅ ወረቀት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አልጥልም። በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ስስ ወረቀት ግን ደቃቅ ስለሆነብኝ ግማሹን ትቼው ነበር። ረቡዕ ቤቴ ስገባ መስኮት ሥር ይዤው ጨረስሁት። የከንፈርና የምላስ እብጠት ሊያመጣ እንደሚችል ይናገራል። ከሥሩ ደግሞ ጉዳት የደረሰበት በሽተኛ ራሱ ለጤና ቢሮ ያሳውቅ ይላል። እኔን ማን ይሰማኛል አልሁ፤ ሐሙስ ግን ሄድሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት መዝጋቢ ቅጽ አውጥታ እየጠየቀች ሞላችልኝ። በመጨረሻ "ከዚህ ክኒን የወሰደ ሌላ ሰው አለ?" አለችኝ። አፈርሁ እታለም። ሐኪም ያደረገሽ ማነው ትለኛለች ብዬ ፈራሁና "የለም" አልኋት። ደረጃውን ወርጄ በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። ተመልሼ ወጣሁና "እህቴ አለች" አልሁ። አልተቆጣችም። "እናትዬ፣ ይሄ ወረቀት ሰው ለመክሰስ አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዳይታፈን ነው" አለችኝ። "የለም" የሚለውን ሰርዛ "እህት፤ ያለችበት ሁኔታ አልታወቀም" ብላ ጻፈች።

ስልካችሁን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ብሞክር አይነሣም። ለዚህ ነው ሹፌሩን ለምኜ ይህን የሰጠሁት። ካርቶኑን ይዘሽ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ግፊትሽን ለክተው ሌላ መድኃኒት ይስጡሽ እንጂ ያለ መድኃኒት ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ። ከንፈርሽ ወይም ምላስሽ ከከበደሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ልብስ ልቀይር እንኳ አትበዪ፤ ሩጪ። የእኔን ካርቶን ወረቀቱን ብቻ አስቀርቼ ጥዬዋለሁ፤ መዝጋቢዋ ደግሞ በጎኑ ከማብቂያ ቀኑ በታች የተጻፈውን፣ ክኒኑ የተሠራበትን ዙር የሚያሳየውን ቁጥር ትፈልገዋለች፤ ያንቺም ከእኔው ጋር አንድ ላይ የተገዛ ነው። ልጅሽ በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ቁጥሩን ገልብጣ በሹፌሩ ትመልስልኝ፤ ዜሮም ቢሆን እንዳትዘል።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ራሳቸውን ባመማቸው ቁጥር ካንቺ ክኒን እየለመኑ ይውጣሉና እሳቸውንም ደኅና አድርገሽ እዪልኝ። ታላቋን ለንባቧ አመስግኚልኝ፤ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የጎን ቤቷን ጎረቤትሽንም ሰላም በይልኝ። ለአንቺ ሰላምታዬ ብዙ ነው። እንዴት እንደሆንሽ በአንድ መስመር ብቻ አስጽፊልኝ። ይዤው ሦስተኛ ፎቅ እወጣና ያቺን "አልታወቀም" የምትለውን አሰርዛለሁ።

ታናሽ እህትሽ
ከመጋረጃ ቤቱ፣ ዓርብ ጥቅምት 20 ቀን