በየብስ ላይ የቀዘፍነው ታንኳ

ጽጌዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ብዕር አነሣሁና የት እንደ ሰነበትሽ ትዝ ሲለኝ ተውሁት። አንቺ ከተለየሽን ክረምቱ ሁለት ጊዜ ገብቶ ወጣ። ሦስተኛው ሳይገባ ልጻፍላት አልሁና፣ ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሥራ ቤቴን በር ከፍቼ እንጨት በምልግበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። የማወራልሽ ደግ ደጉን ነውና አትሥጊ።

ቤታችን ደኅና ነው። ትርንጎ የፊት ጥርሶቿን ጥላ አዲስ አብቅላለች፤ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ልጅሽ ስትቆጣ እንዳንቺ ቅንድቧን ታነሣለች እንጂ አትጮህም፤ እኔም እንደ ድሮዬ እፈራለሁ። እህቴ በለጡ ከቢቸና መጥታ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች፤ ትርንጎን የምታበጥራት እሷ ናት። አንቺ የተከልሽው ኮክ አፈራ። ግማሹን ወፍ በላው፣ ግማሹን ልጅሽና ጓደኞቿ ሳይበስል ጨረሱት። ሞጣም በበጋ የጭነት መኪና አዘውትሮ ይገባባታል፤ ወደ ቢቸና የሚሄድ ሰው እንደ ድሮው በበቅሎ መንገድ ማደሩን ትቷል።

ከሁሉ የሚደንቅሽ ግን ያ የደረቅ ምድር ታንኳችን እንደገና መቀዘፉ ነው። ይህንኑ ልነግርሽ ነው የተቀመጥሁት። መነሻውን ከእኔ የበለጠ ብታውቂውም ከመነሻው ልጀምር፤ ማውራቱ ደስ ይለኛል።

ከቢቸና ወደ ሞጣ የመጣሁት የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ላለብስ ነበር። ሥራው ሳያልቅ ከማገሩ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ነፍሴ ተረፈች፤ ወገቤና እግሮቼ ግን ከዱኝ። ወጌሻ አሸኝ፣ ጠበል ተጠመቅሁ፣ ሰንብቼም በሁለት ሰው ትከሻ ተንጠልጥዬ ወደ ጤና ጣቢያው መጣሁ። እዚያ የወሎዋን ነርስ፣ የሐይቅ ዳሯን ልጅ አገኘሁሽ። ስትዳስሺኝ ቆየሽና አጥንቴ ደኅና መሆኑን፣ የከዳኝ ተኝቶ የሰነፈው ሥጋዬ መሆኑን ነገርሽኝ። ቀጥለሽም ጎንደር ስትማሪ ስላየሽው መሣሪያ አወራሽልኝ። አንድ የውጭ አገር መምህር ወገቡን ታሞ ሳለ በቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ይቀዝፍበት ነበር። ውሃ የለው፣ ጀልባ የለው፤ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት መቀመጫና የሚሳብ እጀታ ብቻ።

«እርስዎ አናጢ ነዎት፤ እኔ ያየሁትን ልንገርዎ፣ እርስዎ ይሥሩት» አልሽኝ።

ተኝቼ እየለካሁ፣ ተደግፌ እየላግሁ ሠራሁት። ሁለት ረጃጅም የዋንዛ አግዳሚ፣ በላያቸው የሚንከባለል መቀመጫ፣ ከታች የወይራ መንኮራኩር በሞራ የታሸ፣ ከፊት እግር የሚረገጥበት ሳንቃ። እጀታውን በገመድ አሰርሁት፤ ገመዱ በምሰሶው ላይ ባሉ መዘውሮች ዞሮ ጫፉ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት ተንጠለጠለ። እጀታውን ስስብ ከረጢቱ ይነሣል፣ ስመልስ ይወርዳል።

ጎረቤታችን መሪጌታ ይባቤ፣ የቅኔው መምህር፣ ወሬውን ሰምተው ሊያዩት መጡ። ዞሩት፣ በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ኖኅስ ውሃው እንደሚመጣ ተነግሮት ነው መርከቡን የሠራው፤ ለአንተ ማን ነገረህ?» ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ ገበያው ሁሉ «የደምሴ ታንኳ» ይል ጀመር። እኔ አፈርሁ፤ አንቺ ግን እስኪያነባሽ ድረስ ሳቅሽ።

መቀዘፉ ከመሥራቱ ይልቅ ከበደኝ። እጄ መጋዝ የለመደ ነውና በክንዴ ብቻ እመነጭቀው ነበር። ከረጢቱ በርግጎ ይነሣል፣ መሬት ሲመለስ ድው ይላል፣ ወገቤም አብሮት ድው ይላል። አንቺ ከሥራ ስትወጪ እየመጣሽ ከጎኔ በርጩማ ላይ ትቀመጪ ነበር። ትእዛዝሽ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አስቀድሞ እግር ይግፋ፣ ቀጥሎ ወገብ ቀና ይበል፣ እጅ በመጨረሻ ይምጣ። ሲመለስ ደግሞ ተገላቢጦሽ፤ እጅ ይቅደም፣ ወገብ ይከተል፣ ጉልበት ከሁሉ በኋላ ይታጠፍ። እሺ እልሻለሁ፣ መልሼ በክንዴ እመነጭቃለሁ። አንድ ቀን ትዕግሥትሽ አለቀና ከበርጩማው ብድግ አልሽ።

«እግርህን! እጅህን ተወው፣ በእግርህ ግፋ!»

«እርስዎ» ማለቱ ጠፍቶብሽ «አንተ» አልሽኝ። ራስሽም ሰምተሽው ደነገጥሽ፤ ፊትሽ ቀላ። እኔም ከድንጋጤዬ የተነሣ በእግሬ ገፋሁ። ከረጢቱ ያለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ወደ «እርስዎ» አልተመለስሽም፤ እኔም አልተመለስሁም።

እግርና እጄ ተራቸውን ካወቁ በኋላ ደግሞ ችኮላዬ አስቸገረሽ። ቶሎ ቶሎ ካደረግሁት ቶሎ የምድን መስሎኝ እጣደፋለሁ። አንቺ መሳቡን በአንድ ትንፋሽ፣ መመለሱን ረዘም አድርገሽ በዝግታ እንዳደርገው ታስተምሪኝ ነበር። «የምታርፈው ስትመለስ ነው፤ ለዕረፍትህ ምን አስቸኮለህ?» ያልሽኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከረጢቱ መሬት ሲነካ ድምፅ ካልተሰማ ምቱ ገባህ ማለት ነው አልሽኝ። ጆሮዬን ጥዬ እየቀዘፍሁ ሳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ከመንኮራኩሩ ሲር ሲር በቀር ምንም አልሰማሁም። ዞር ብዬ ሳይሽ ዓይንሽን ጨፍነሻል። የሐይቁ ዳር ትዝ እንዳለሽ ኋላ ነገርሽኝ።

ቢቸና የወሰድሁሽን ቀን ታስታውሻለሽ? እናቴ ልጅሽ በቃሬዛ ይመጣል ተብላ ከደጅ ቆማ ስትጠብቅ በእግሬ ስመጣ አየችኝ። አልጮኸችም፣ እልልም አላለችም። መጥታ ጎንበስ ብላ ሁለት ጉልበቶቼን በእጆቿ ያዘቻቸው፤ ከዚያ ቀና ብላ አንቺን ሳመችሽ። የማን ልጅ ናት፣ ከየት ናት የሚል ጥያቄ አዘጋጅተው የነበሩት ዘመዶቼ ሁሉ ያን ጊዜ ጥያቄያቸውን ተዉት። አባቴ «ገብታ ትቀመጥ እንጂ ልጄ» ብሎ የራሱን መደብ ለቀቀልሽ። ተጋባን፤ ትርንጎ መጣች፤ ታንኳው እንደ ቤታችን ዕቃ ሆነ። እየተፈራረቅን እንቀዝፍ ነበር፤ ከእኔ የተሻልሽው ግን አንቺ ነበርሽ።

ስለ መጨረሻው ብዙ አልጽፍም። በጉንደ ወይን በኩል ተስቦ ሲገባ ሄድሽ፣ ብዙ ሰው አድነሽ መጣሽ፤ በሽታው ግን አብሮሽ መጣ። ከቀብርሽ በኋላ በታንኳው ላይ ሳንቃ ደራረብሁበት። ማየት አልፈለግሁም። ወገቤ ቀስ በቀስ ሲደርቅ ይታወቀኝ ነበር፤ ግድም አልሰጠኝም።

ባለፈው ክረምት ታዲያ መሪጌታ ይባቤ ታመሙ። ወገባቸው ያዛቸውና ማኅሌት ላይ መቆም አቃታቸው። በመቋሚያ ተደግፈው ጥቂት ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፤ በመጨረሻ ከቤት ቀሩ። ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ያመሰገኑ ሰው ተቀምጠው ደወል መስማቱ ከሕመሙ የበለጠ ጎዳቸው። ጤና ጣቢያው አጥንትዎ ደኅና ነው፣ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ አላቸው። መስቀል ባለፈ ሰሞን በተማሪዎቻቸው ተደግፈው ከዚህ በር ላይ ቆሙ።

«ደምሴ፣ ያ ታንኳህ አለ?» አሉኝ። «ውሃው እኔ ዘንድ መጣ።»

ሳንቃውን አንሥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ መንኮራኩሩን ሞራ ቀብቼ አስቀመጥኋቸው። ጥምጥማቸውን አውልቀው በክብር መስኮቱ ላይ አኖሩት። ጎበዝ ሆነው ጀመሩ፤ እንደ እኔው በክንዳቸው መነጨቁ። ከረጢቱ ድው አለ። ሳላስበው «እግርዎን! እጅዎን ይተዉት፣ በእግርዎ ይግፉ!» ብዬ ጮኽሁ። ድምፁ የእኔ ነው፤ ቃሉ ያንቺ ነበር። እርሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና በእግራቸው ገፉ።

ምቱን ከእኔ ፈጥነው ያዙት። መመለሱን በዝግታ ያድርጉ ስላቸው ከአፋቸው ውስጥ ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ሲስቡ አጭር፣ ሲመለሱ ረጅም። ተማሪዎቻቸው ከደጅ ሆነው መምህራቸው ምን እንደሆኑ ግራ ገባቸው። ደስ ብሎን ሳለ ግን ኅዳር ላይ ሕመሙ ብሶ ተመለሰባቸውና ቀሩ። ልጠይቃቸው ሄድሁ፤ ተኝተው አገኘኋቸው። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አንተን ያቆመህ የእሷ እጅ ነው እንጂ እንጨቱ አይደለም» ብቻ አሉኝ።

ነገሩ ልቤን ወጋው፤ እውነትም መሰለኝ። ቤት ገባሁና ታንኳው አጠገብ ብዙ ቆምሁ። አንድ የተበላሸ ነገር ካለ የምለየው ተቀምጬበት ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ጽጌዬ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። የደረቀው ወገቤ አንቋቋ፤ ጥቂት ቀዝፌ ግን እግሬ ተራውን አወቀ፣ እጄ ተራውን አወቀ። አለቀስሁ። እያለቀስሁም አላቋረጥሁም፤ ከረጢቱም ድምፅ አላሰማም። ስጨርስ ውስጤ ከጀመርሁበት ቀልሎኝ ነበር።

የመሪጌታን ወገብ የጎዳው ግን ምን እንደሆነ አልታየኝም። እኔ ቁመተ ረጅም ነኝ፣ እርሳቸው አጭር ናቸው፤ በለጡም አጭር ናት። ጠራኋትና ተቀመጪ አልኋት። «ጎረቤት ቢያየኝ ምን ይላል?» ብላ እየሳቀች በሩን ዘግታ ተቀመጠች። ያን ጊዜ አየሁት። እጀታው ካለበት ለመድረስ ገና እግሯ ሳይገፋ ጀርባዋ ጎበጠ፤ ጭነቱን ሁሉ የተሸከመው የጎበጠው ወገቧ ነው። ታንኳውን የሠራሁት በራሴ ቁመት ለክቼ ነው፤ አንቺም ረጅም ስለ ነበርሽ፣ ለሌላ ሰው መለካት እንዳለበት አላሰብሁም ነበር። እጀታው እንዲቀርብ ገመዱን ስንዝር ያህል አስረዘምሁ፣ ከከረጢቱም አሸዋ ቀነስሁ። በለጡን ደግሜ አስቀመጥኋት፤ ጀርባዋ ቀጥ አለ። አልነሣም ብላኝ ብዙ ቀዘፈች። አሁንም ሰው በሌለ ጊዜ እንደምትቀዝፍ መንኮራኩሩ ይነግረኛል።

መሪጌታን ለምኜ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ መለስኋቸው። እጀታውን ያዙ፣ ገፉ፣ ቀና አሉ፣ ሳቡ። ሕመሙን ሲጠብቁ ቆዩ፤ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ አልቀሩም። ትንሽ ትንሽ፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ ጥምቀት ዘለቁ።

የጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ከውሃው ሲመለሱ ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ነበር፤ ትርንጎ ትከሻዬ ላይ ናት። ሊቃውንቱ ሲያሸበሽቡ መሪጌታ ይባቤ ከፊት ቆመዋል። ማንም አልደገፋቸውም። ሰው ሁሉ ዜማውን ይሰማል፤ እኔ ጉልበታቸውን አያለሁ። እግራቸው መሬቱን ረገጠ፣ ወገባቸው ቀና አለ፣ መቋሚያው በመጨረሻ ተነሣ፤ ሲመለስም በዝግታ ተመለሰ። ትርንጎ ከላይ ሆና ለምን እንደምስቅ ጠየቀችኝ። እናትሽ እዚህ ብትኖር እሷም ትስቅ ነበር አልኋት። ለእሷ ይህ በቂ መልስ ሆነላት።

አሁን ወሬው ቢቸና ደርሷል። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ አንድ እንድሠራለት ልኮብኛል፤ ገመዱ እንደ ሰው ቁመት የሚረዝምና የሚያጥር ይሆናል። ትርንጎንም ይዤ እሄዳለሁ፤ አያቷ ናፍቃታለች። ወንድሜ እዚያው ቅር፣ ቤት ሥራ ይለኛል። ሠርቼ እመለሳለሁ እንጂ አልቀርም። ሞጣን ወድጃታለሁ፤ አንቺም እዚህ ነሽ።

መንገድ ልጀምር መሆኔን ሰምተው መሪጌታ ትናንት መጥተው የክርስትና ስምሽን ጠየቁኝ። ወለተ ማርያም ናት አልኋቸው። በጸሎት በቆሙ ቁጥር ሊያነሡሽ እንደሆነ ነገሩኝ፤ እውነትም ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ስምሽን በአፋቸው ሰማሁት። ደስ አለኝ፤ ግን ለጆሮዬ እንግዳ ሆነብኝ፤ በዚያ ስም ጠርቼሽ አላውቅማ። ስለዚህ ነገሩን እንካፈለው ብያለሁ። መሪጌታ በክርስትና ስምሽ ያስቡሽ። እኔ በዘወትሩ ቀን፣ እንጨት ስልግ፣ ትርንጎን ስቀሰቅስ፣ ኮኩ ሲያብብ፣ እስትንፋሴ እስካለ ድረስ ጽጌ እያልሁ አስብሻለሁ።

ያንቺው ደምሴ
ሞጣ