ያልታጠበው ፊልም

ሐሙስ፣ መጋቢት 7 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ቦሌ

ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች ቤቴን በረበሩት። አለቃቸው ገና ሲገባ አወቀኝ። «ጋሼ፣ የድሮ ፊልምዎን አይቼ አልቅሻለሁ» ካለኝ በኋላ፣ ያላለቀው ፊልሜ ያለበትን ቆርቆሮ አነሳ። «ይኼ ውስጥ ጥይት ነው ወረቀት?»

«ገና ያልታጠበ ፊልም ነው። ብርሃን ካየ አለቀለት፤ በፈጠረህ አትክፈተው!»

መለመኔ አስጠረጠረኝ። አንዱ አፌን በሰደፍ መታኝ፤ ጥርሴን ከነደሙ ተፋሁት። አለቃው ግቢ ወጥቶ ፊልሙን ፀሐይ ላይ እንደ በግ አንጀት ዘረገፈው። «ባዶ ነው እኮ፤ ምን ያስጮህዎታል?» ብሎኝ ሄደ። እጁ ይቆረጥ!

ባዶ! ሰለሞን ነበረበት፤ ዋናው ተዋናዬ። ባለፈው ሳምንት ሃያ ሁለት ጋ ገድለው አስፋልት ላይ ያሳደሩት ልጅ። እናቱ ሬሳውን ተከልክላለች፤ ማልቀስም ተከልክላለች። ፎቶግራፎቹን ፍተሻ ፈርታ ራሷ አቃጥላቸዋለች። ፊቱ የቀረው እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ብቻ ነበር።

ፊልሙን ሰብስቤ ቆርቆሮውን እንደከደንኩ እናቱ መጣች። ያበጠ አፌን አይታ እጇን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች። «ልጄ እዚህ ውስጥ ነው አይደል? እስኪታጠብ እኔ ጋ ይቀመጥ» አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ደም ብቻ ወጣ።

ቆርቆሮውን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«አይስጉ ጋሼ፤ ሰለሞን ነግሮኛል። ብርሃን አላሳየውም።»