ማሾው ተቆልፎ ሞባይል ስለተሰቀለበት ድንኳን፤ ለእድራችን ሊቀመንበር

ጥር 28 ቀን 2004 ዓ.ም.
ብቸና

ለተከበሩ አቶ ታዘበው
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበርና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ባለአደራ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ከሞጣው ሠርግ በሰላም ስለተመለሱ፣ በኪስዎም ውስጥ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በሰላም ስለተመለሰ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። እኔም፣ እናቴ ወይዘሮ ይርጋነሽም፣ የሞባይል መጠገኛ ሱቄም ከእድሩ ከመሰረዛችን በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነን።

ደብዳቤዬን በፖስታ አሽጌ ልልክልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ውሳኔዎን ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ እህል የሚያስፈጭ ሁሉ እንዲያነበው አድርገው ስላስለጠፉልኝ፣ ምስጋናዬን በድብቅ ማቅረብ ነውር መስሎ ታየኝ። ውሳኔው እንዲህ ይላል፦ «ባንተአምላክ የተባለው አባል፣ በአቶ ፋንታ ለቅሶ ላይ፣ ራሱ በፈለሰፈው መሣሪያ ዘፈን በማሰማት፣ መብራት በማስጨፈርና ሐዘንተኛ በማሳቅ ጥፋት ስለፈጸመ ከነቤተሰቡ ተሰርዟል።» አቶ ታዘበው፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሥራ ልምድ የጻፈልኝ ሰው የለም። አስገልብጬ በሱቄ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያዬ ደርቷል።

«ከነቤተሰቡ» የሚለውን ቃል ግን ስመለከት ሳቄ ይቆማል። ቤተሰቤ ማለት እናቴ ናት። እናቴ እድሩ ድስት እንኳ ሳይኖረው ጀምራ መዋጮዋን ሳታጓድል ያዋጣች፣ የስንቱን ቤት ለቅሶ ወጥ የሠራች ሴት ናት። አሁን ከዚህ ዓለም የምትጠብቀው ነገር ቢኖር ጊዜዋ ሲደርስ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው እንዲቀብሯት ብቻ ነው። ይህን በመንጠቅዎ በእውነት ተናድጃለሁ፤ መናደድም ስለማላውቅበት፣ ከዚህ በታች ያለውን ቅሬታ በተራ ቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ዕቃዬን «መሣሪያ» ብለው ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እንደሚያውቁት ስልኬ ሁለት ሲም የሚይዝ የቻይና ስልክ ነው፤ ሬዲዮ አለው፣ ካሜራ አለው፣ መብራት ግን የለውም። ስለዚህ ከሞጣ ገበያ ገዝቼው ብቸና ሳይደርስ መንገድ ላይ ከሞተ የእጅ ባትሪ ትንሿን አምፖል ነቀልኩ፤ ከአንድ የተበላሸ ኢርፎን ከስልኩ ግርጌ የሚገባውን መሰኪያ ቆረጥኩ፤ አምፖሏ እንዳትቃጠል ከአሮጌ ሬዲዮ ያወጣኋትን ሬዚስተር በመሐል በየድኩ፤ ሁሉንም በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ከትቼ አፉን በማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት ከበብኩት። ስልኩ ላይ ስሰካው ቦግ አለ! በደስታ ስዘል ጭንቅላቴ ከመደርደሪያው ተላተመ። እናቴ ጩኸቴን ሰምታ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መሰላትና ደረቅ እንጨት ያስጥላል ሲባል ሰምታ ስለነበር፣ ዘነዘናውን ይዛ ሮጣ በመምጣት ከመብራቱ አስጣለችኝ። ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያመኛል፤ መሣሪያው ግን አልተጎዳም። እንግዲህ በዚህ የፈጠራ ሥራ የተጎዳ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ፤ የከሰስኩትም የለም።

2ኛ፦ በአቶ ፋንታ ቀብር ማግስት አመሻሽ ላይ፣ ሰው ገና ከየቤቱ እየመጣ ድንኳኑ ሲሞላ፣ የከተማው መብራት ጠፋ። እድራችን ለዚህ ክፉ ቀን ብሎ የገዛው በላምባ የሚበራ ማሾ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ማሾው ዕቃ ቤት ነበር፤ ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ሞጣ ሠርግ ላይ ነበር። ለእድሩ ንብረት ያለዎት ጥንቃቄ ወደር የለውም፤ ሌባ ቢመጣ እንኳ ሞጣ ድረስ ተሳፍሮ መሄድ ይኖርበታል። ሰዉ በጨለማው ሲደናበር፣ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ሀብትነሽ «ኧረ የሰው ያለህ፣ እንግዶቼን ፊታቸውን እንኳ ልያቸው!» ስትል እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ስልኬን አወጣሁ፣ መብራቴን ሰካሁ። ቁመተ ረጅሙ ሐብታሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ በገመድ ከድንኳኑ መሐል ምሰሶ ጫፍ ላይ አሰረልኝ። ድንኳኑ ጥግ እስከ ጥግ ታየ። ሰው እጄን እየሳመ መረቀኝ፤ መሪጌታ ሣህለ ማርያም እንኳ ቀና ብለው አይተው «ይባርክህ ልጄ» አሉኝ። ያቺ ሰዓት የሕይወቴ ትልቋ ሰዓት ነበረች፤ በጣም አጭር ሆነች እንጂ።

3ኛ፦ ስልኩ ጠራ።

የቻይና ስልክ ድምፅ ምን ያህል እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ወሩ ጥር ስለሆነ የጫንኩበት የሠርግ ዘፈን ነበር፤ ያውም ከበሮው የሚበዛበት። በዚያ ላይ፣ እኔም አስቀድሜ ባላወቅሁት ምክንያት፣ ስልኩ በጠራ ቁጥር ለመብራቱ የሚሄደው ኃይል ይቆራረጣል። ስለዚህ መብራቱ ከከበሮው ጋር እየተመታ ይጠፋል፣ ይበራል። ሙሾ አውራጇ ፈንታነሽ ግጥሟ መሐል ላይ ነበረች፤ ማቆም የማትችል ሴት በመሆኗ የአቶ ፋንታን ደግነት ከዘፈኑ ምት ጋር አጋጥማ ቀጠለችበት። መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ሁሉም መሬት መሬት እያየ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ቻለ። ዘፈኑም ቆመ፣ እፎይ አልን። ወዲያው እንደገና ጠራ።

ስልኩን እንዳላወርደው ምሰሶው ሥር ያሉት ወንበሮች ሽማግሌዎች ተቀምጠውባቸዋል፤ ሽማግሌ አስነስቶ ወንበር መውሰድ ደግሞ ነውር ነው። ሐብታሙን ስፈልገው ከድንኳኑ ውጭ እንጨት ክምር ላይ ተደፍቶ አገኘሁት፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ሳጽናናው ለካ በሳቅ ሊሞት ነው። ደዋዩም አልተውም ብሎ ደጋግሞ ይደውላል። በመጨረሻ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ጋቢያቸውን ተከናንበው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አንዲት ልጅ አየችና ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ በኋላ የነበረውን ማን ያስቁመው! ድንኳኑ በሙሉ ፈነዳ። እኔ በሐፍረት ልሞት ስደርስ ወይዘሮ ሀብትነሽ እንባዋን እየጠረገች «ተዉት ይጥራ! ፋንታ እንደሁ ለቅሶ ሲበዛ ራሱን ያመው ነበር» አለች። እየሳቀች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያች ሰዓት በፊት እህል አልቀምስም ብላ የነበረችው ሴት ያን ምሽት እራቷን በላች።

ሐብታሙ ነፍሱ ሲመለስ ገብቶ ስልኩን ከእነመብራቱ ፈታልኝ። ይኼ ክፉ ደዋይ ማን ይሆን ብዬ ቁልፉን ስጫን፣ በጥድፊያ የነካሁት ድምፅ ማጉያውን ኖሮ ድምፁ ድንኳኑን ሞላው። ከበስተኋላው የሞጣ ሠርግ እየጨፈረ፣ አንድ የተከበረ ድምፅ እንዲህ አለ፦ «ሃሎ! ባንተአምላክ! መብራት እዚያም ጠፋ እንዴ? የማሾው ቁልፍ እኮ እኔ ጋ ነው! ሃሎ!»

አቶ ታዘበው፣ ድምፅዎ ነበር። በሐዘንተኛ ድንኳን ውስጥ ዘፈን ያሰማው ስልክ የእኔ ነው፤ አልክድም፤ እንዲጠራ ያደረጉት ግን እርስዎ ነዎት። ዘፈን የሚያሰማ ጣት የሚያስሰርዝ ከሆነ የማንኛችን ጣት እንደሆነ ለኮሚቴው ፍርድ እተወዋለሁ። ለማንኛውም ቁልፉ የት እንዳለ ስለነገሩን ሁላችንም ከልብ እናመሰግናለን፤ ጠርጥረን ነበር።

4ኛ፦ ውሳኔው «ሐዘንተኛ በማሳቅ» ይላል። የእድራችን ደንብ በለቅሶ ቤት መሳቅንም ስለሚከለክል፣ ማሳቅ ጥፋት ከሆነ መሳቅም ጥፋት ነው። ይህን እኔ አላልኩም፤ ያሉት ጎረቤቶቼ ናቸው። ውሳኔው በተለጠፈ ማግስት ወይዘሮ ሀብትነሽ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሱቄ መጥታ፣ «ይርጋነሽ ከተሰረዘች እኔ ከእሷ በላይ ስቄአለሁና እኔንም ይሰርዙኝ» አለችኝ። ከእሷ ቀጥለው መሪጌታ መጡ፤ ጋቢ ተከናንቦ የሳቀም ስቋል አሉ። ፈንታነሽ ሙሾውን በዘፈን ምት አውርዳ በዚያ ላይም ስቃለችና ሁለት ጊዜ እንድትሰረዝ ጠየቀች። የእድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ ማስተዋል ሳትቀር፣ ውሳኔዎን በእጇ የጻፈችው ሴት፣ ስትጽፈው እንደገና እንደሳቀች አምናለች። ሁሉም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጅዎ ተሰብስበው በየተራ ስማቸው እንዲሰረዝላቸው ያመለክታሉ። እባክዎ ግቢዎ ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

በዚያ ምሽት ያልሳቀ አባል ብንፈልግ ያገኘነው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሞጣ ነበር።

ስለዚህ በደንቡ መሠረት ከእሑድ ጀምሮ እድሩ ማለት እርስዎ ነዎት። ድስቶቹ፣ ወንበሮቹ፣ ድንኳኑና ማሾው በሙሉ ለእርስዎ ይቀራሉ፤ ቁልፉንም ማንም አይጠይቅዎትም። እኛ የተሰረዝነው እርስ በርስ መቀባበራችንን እንቀጥላለን። የመጀመሪያ አባላችን እናቴ ናት፤ ከዘነዘናዋ ጋር። መብራቱን በተመለከተ ከእንግዲህ ሲም ያልገባበት ስልክ ላይ እሰካዋለሁ። እርግጥ ከእሑድ በፊት የእናቴ ስም ወደ ቦታው ከተመለሰ፣ እኔም አንዲት መብራት ሠርቼ በነጻ ለእድሩ አበረክታለሁ፤ ዕቃ ቤት እንዳትቆለፍ ብቻ።

ለታላቅነትዎ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ በጨለማም በብርሃንም ታዛዥዎ የሆንኩ፣

ባንተአምላክ
የሞባይል ጠጋኝና መብራት አስጨፋሪ

ማስታወሻ፦ ዕድሜና ጤና የተመኘሁልዎ ለወግ ያህል እንዳይመስልዎት፤ ከልቤ ነው። ከእሑድ በኋላ የእድሩ ብቸኛ አባል ስለሚሆኑና ቃሬዛውን በሌላው ጫፍ የሚይዝልዎ ሰው ስለማይኖር፣ እባክዎ፣ ምንም ቢያጋጥምዎ፣ አደራዎን አይሙቱ።